አርባ ሦስት ጠዋት በቡራዩ ደጅ

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ከዳንኤል ጋር ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ቡራዩ ላይ ሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰበትና ሁላችንም ወረድን። ረዳቱ ክሪክ ሊዋስ ሲሮጥ እኛ መንገዱ ዳር ቆምን። ከአጠገባችን አንድ ፍራሽ አዳሽ የአሮጌ ፍራሽ ሆድ ዘርግፎ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጥጡን በሁለት ቀጫጭን ዱላዎች ይመታል። ብናኙ ፀሐይ ውስጥ ተንሳፍፎ ወደ እኛ መጣ። የአሮጌ ጥጥ ሽታ ደረቅ ነው፤ አቧራም፣ ዘይትም፣ የሰው እንቅልፍም አለበት፤ አፍንጫ ላይ አይቆይም፣ ጉሮሮ ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሳልኩ። ዳንኤል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝና መኪናው ውስጥ የጀመረውን ጥያቄ መልሶ አነሳው። «ጋሼ፣ ዝም አሉኝ እኮ። ልልቀቅ ወይስ ሌላ እስካገኝ ልቆይ?» ገላን ውስጥ አንድ መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነው። ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ለፈተና የሚጠሩት ግን በሥራ ቀን ነው፣ አለቃው ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም። ካልለቀቀ አያገኝም፤ ከለቀቀም ላያገኝ ይችላል። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን አርግዛለች። እኔ ግን መልስ መስጠቱ ቀርቶ በቅጡም አልሰማሁትም ነበር። ዓይኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ነበር። በመድኃኒት ቤቱና በሞባይል መሸጫው መሐል አንድ የተጠረበ የድንጋይ ምሰሶ ቀርቷል፤ ማስታወቂያ ተለጥፎበት፣ የልብስ ማስጫ ሽቦም ታስሮበታል። ያንን ድንጋይ አውቀዋለሁ። ዱሮ እዚህ ይኖሩ የነበሩ የአንድ ደጃዝማች ግቢ በር ግራ ምሰሶ ነው። አርባ ሦስት ጠዋት ጀርባዬን አስደግፌበታለሁ።

ያን ጊዜ የምኖረው ሰበታ ነበር፤ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት። ዓመተ ምሕረቱን ብጠየቅ እሳሳት ይሆናል፤ ጃንሆይ ነበሩ፣ ሳንቲሙም ላይ እሳቸው ነበሩ፣ ከዚያ በላይ አልምልም። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከሰበታ ተክለ ሃይማኖት ድረስ አውቶቡሱ ስሙኒ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ከዶሮና ከማገዶ ጋር ለሚቀመጥ ዐሥራ አምስት ሳንቲም። ኮንጎ ጫማ በበጋ እግር ይቀቅል ነበር፣ ግን ጭቃ አይፈራም፣ ታጥቦ ያድራል። ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ካየን «የአዲስ አበባ ሰው መጣ» እንል ነበር። ገበያው ጥግ ያለው ጠጅ ቤት ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሸክላዋ አንዲት ብቻ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዟታል። እኔ ዘፈኑን ሳይሆን ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው የሚያሰማውን ኳ፣ ኳ፣ ኳ አልረሳውም፤ ሰው ተነስቶ እስኪያነሳው ድረስ ጠጪው ሁሉ ዝም ብሎ ያንን ይሰማ ነበር። አሁን ሰበታ ስሄድ ያ ጥግ የት እንደነበር ለማወቅ ከወንዙ ድልድይ ጀምሬ እርምጃ መቁጠር አለብኝ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት እርምጃ ነበር፤ ዛሬ የሽማግሌ እርምጃ ስለሆነ ቁጥሩ አይገጥምልኝም።

ሥራዬ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። በሽቦ ታስሮ የሚመጣውን ጥጥ ሽቦውን ቆርጠን፣ በመንጠቆ እየበጠስን የጥጥ መፍቻውን መኪና እናጎርሳለን። ከክፍሉ ሁሉ የሚያቦነው የኛ ነበር። ማታ ስንወጣ ፀጉራችን፣ ሽፋሽፍታችን፣ ጢማችን ነጭ ነው፤ ቆነጃጅቱ በር ላይ ቆመው «አባቶች፣ ደኅና ዋላችሁ? ይባርኩን!» እያሉ ይሥቁብን ነበር። እኛም እንሥቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት እኔ መሣቅ አቆምኩ፤ ስሥቅ ትንፋሼ ያጥረኛል። ነገሩ የሚብስብኝ ሰኞ ሰኞ ነው። እሑድ አርፌ ሰኞ ስመለስ ደረቴ በገመድ የታሰረ ያህል ይሆናል፤ እስከ ሐሙስ ይላላል፤ ሰኞ እንደገና። ለጤና ጣቢያው ድሬሰር ይህንኑ በቀን በቀኑ ጽፌ ወሰድኩለት። ወረቀቱን አየና «ጥጡ ነው። ከጥጡ ራቅ» አለኝ፤ ዝናብ ነው ተጠለል እንደ ማለት ቀላል አድርጎ።

ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የቤታችን ግድግዳ ነው። እናቴ ብርድ እንዳይገባ ጭቃውን በጋዜጣ ለጥፋው ነበር፤ አንዳንዱን ዘቅዝቃ፣ አንዳንዱን አጋድማ፣ ማንበብ ስለማትችል። እኔ አንገቴን እያዞርኩ አነበብኩት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ፊደል በእርሳስ እያስመሰልኩ ጻፍኩት፤ ወፍራሙን በወፍራም፣ ቀጭኑን በቀጭን። አንድ በጋ ደግሞ ካርታ የሚያነሱ ሰዎች ባለ ሦስት እግር መነጽራቸውን ይዘው ወደ ሰበታ መጡ። አንዱ ቀያሽ ጎረቤታችን ቤት ተከራየ። የወንዙን ስም ሲጽፍ አይቼ «ጋሼ፣ ‹በ› ዘንበል አለችብዎ» አልኩት። ተናዶ እርሳሱን ወረወረልኝ፤ ጻፍኩለት። ጠጋ አድርጎ አየው። «ወንድሜ፣ አንተ ጥጥ ቤት ምን ትሠራለህ? ይህ እጅ ለካርታ ነው። ካርታ ላይ የወንዝና የተራራ ስም እየጻፈ የሚኖር ሰው አለ እኮ፤ ጠረጴዛ አለው፣ መስኮት አለው፣ አቧራ የለበትም። ከመስከረም በፊት አንድ ቦታ ይከፈታል።» ደስታዬን ሳልጨርስ ጨመረበት። «ግን ያለ ሰው ቃል አይገባም። ቃላቸው የሚሰማው ደጃዝማቹ ናቸው። ክረምቱን ቡራዩ ካለው ግቢያቸው ነው የሚቀመጡት። ሄደህ ደጅ ጥና።»

የዛሬ ልጅ ደጅ ጥናት ሲባል ማመልከቻ ማስገባት ይመስለዋል። ደጅ ጥናት ማለት መታየት ነው። ጌታው በሁለት ሰዓት ወደ በረንዳው ሲወጡ፣ አንተ ነጠላህን አደግድገህ፣ ትናንት በቆምክበት ቦታ ቆመህ መታየት ነው። አፍህን አትከፍትም። ፊትህ እስኪለመድ፣ አንድ ቀን «ያ ማነው?» እስኪባል ድረስ ትመላለሳለህ። አንድ ጠዋት ከቀረህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። የፋብሪካው ፉጨት ደግሞ በአንድ ሰዓት ነው፣ የኛ ክፍል ሥራ የቀን ብቻ ነው፣ ከሰበታ ቡራዩ በወጨጫ ተራራ ሥር አቋርጦ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም። ሳልለቅ አዲሱን ልይዝ የምችልበትን መንገድ በወረቀት ላይ አንድ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ሁሉንም ሰረዝኩ። ለእናቴ ስነግራት ትከለክለኛለች ብዬ ነበር፤ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እየቸረቸረች የምታመጣው ለሁለታችን እንደማይበቃ ታውቃለች። እሷ ግን ቃሪያዋን እየለቀመች «ልቀቅ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «የአባትህም ደረት እንዲህ ነበር የጀመረው። ሽንኩርት ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ካልበቃም ይበቃል።»

ካቦው ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሥራ ልለቅ ነው።»

«እሰይ! የት አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ?»

«ልፈልግ ነው።»

መጥረቢያ እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያውን ተመለከተና ጮኸ። «ኑማ! ኑ እስቲ እዩልኝ! ሥራ ያለው ሰው ሥራ ልፈልግ ብሎ ሲለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አንዱ «የቆጡን አወርድ ብላ...» ብሎ ሲጀምር፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «...የብብቷን ጣለች!» ብለው ጨረሱለት። እኔም ፈገግ ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ መንጠቆዬን መመለስ መርሳቴን አስታውሼ ተመልሼ ሰቀልኩት፤ ያኔ ደግሞ የባሰ ሣቁ።

ቡራዩ የመጀመሪያው ጠዋት ዘበኛው መለሰኝ፤ ያለ ነጠላ፣ በኮት ብቻ ነበር የመጣሁት። በር ላይ ከቆሙት አንድ ረጅም ሽማግሌ ጠሩኝ። «ያ ጉርባ! አካም ቡልቴ? አንተ ልጅ፣ እንዴት አደርክ? እንዲህ ሆነህ ነው እንዴ ጌታ ፊት የምትቆም?» ኦቦ ገመዳ ይባላሉ፣ የሱሉልታ ገበሬ ናቸው። የከብቶቻቸው ጨፌ ከታጠረባቸው ሁለት ክረምት አልፏል፤ ድርቆሽ ሸጠው የሚኖሩ ሰው ሣር የሚያጭዱበት አጡ። አጥሩን አስነሡልኝ ለማለት ነው የሚመላለሱት። ከላይ የደረቡትን ነጠላ አውልቀው ሰጡኝ፣ ደረቴ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ በገዛ እጃቸው አሳዩኝ፣ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ አሁን ሰው መሰልክ» አሉኝ። ነጠላውን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉኝም።

«እርስዎ መቼ ነው የሚጠሩት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔ? የኔ ጊዜ ቀርቧል። የገዛ ውሻዬ ቤት ስገባ ይጮህብኛል፤ የጌታው ውሻ ግን ጭራውን ይቆላልኛል። ከዚህ በላይ መለመድ አለ?»

በሃያ አንደኛው ጠዋት ዝናቡ ጠንክሮ በረንዳው ሥር አስጠጉን። የደጃዝማቹ ጸሐፊ አቶ ወርቁ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት አብጦ ታስሯል። «መጻፍ የሚችል አለ?» አሉ። እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። አንድ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፣ ከዚያ አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረንዳው ጫፍ ላይ በርጩማ ተሰጠኝ፤ ደጃዝማቹ ከውስጥ ያዘዙትን አቶ ወርቁ እየነገሩኝ እጽፋለሁ። ጣታቸው ከዳነም በኋላ ብዕሩን ከእጄ አልወሰዱትም። «የአንተማ ነገር አለቀ» ይሉኛል፣ ትከሻዬን እየነኩ። ቡራዩ ዝናቡ ቀዝቃዛ ነው፣ እግሬ በጭቃ ተላልጧል፣ እናቴ አንዱን ሰሐን ለሁለት ትከፍላለች፤ እኔ ግን በነዚያ ሳምንታት ሰኞ መጥቶ ሲሄድ ደረቴን አላጠበቀኝም። ተራራ ስወጣ ያፏጨሁበት ቀን አለ። በጎን ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ፤ «ጌታዬ፣ ካርታ በሚነሣበት መሥሪያ ቤት ስም ጻፊ ሆኜ እንድገባ ቃልዎን እሻለሁ።» ይህችን በወጨጫ ሥር ስሄድ እላታለሁ፣ ስመለስ እላታለሁ። ደጃዝማቹ «ምን ትሻለህ?» ሲሉኝ የምመልሳት ናት።

በአርባ ሦስተኛው ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ደጃዝማቹ ወጡ፣ በዘንጋቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። «ያ ቀጭኑ ልጅ ማነው? ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

«ከሰበታ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ወርቁ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጥጥ ፋብሪካ ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«ነበርኩ? አሁንስ?»

«ለቅቄ ነው፣ ጌታዬ።»

ለቅቄ። ያንን ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ እሳቸው ዘንድ ሲደርስም አየሁት። የሚቀጥለውን ጥያቄ ጠበቅኩ። «ምን ትሻለህ?» የሚለውን። እሳቸው ግን በኀዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባረሩት ማለት ነው፤ አፍሮ ነው። አርባ ቀን ሙሉ በዝናብ የሚመላለሰው ለዚህ ነው ለካ፣ ምስኪን! ወርቁ፣ ለፋብሪካው ሰዎች ይጻፍላቸው። እኔ ብያለሁ፣ ከቦታው ይመልሱት።» ግቢው ሁሉ «ዕድሜ ይስጥልን!» ብሎ እጅ ነሣ። እኔም ከሁሉም ጋር እጅ ነሣሁ። ጌታ በሰው ፊት የተናገረውን ማን ያርማል? የተጠየቅሁትን በትክክል መልሻለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት አላጎደልኩም። አርባ ሦስት ጠዋት ያጠናኋት ዓረፍተ ነገር ጥያቄዋ ሳይመጣላት አፌ ውስጥ ቀረች።

አቶ ወርቁን አየኋቸው። የምፈልገውን ያውቃሉ፤ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ዓይናቸውን ሰበሩ። «ሌላ ጊዜ እናስታውሳቸዋለን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እና ብዕሩን ሰጡኝ። ለካስ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔው ነኝ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ «ይድረስ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀጥዬ «ለ» አልኩ፤ ቆምኩ። ከዚያች «ለ» በኋላ ያለው ወረቀት ባዶ ነበር። ደጃዝማቹ ማኅተም የሚያሳርፉበትን እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ የጻፍኩትን ስንቱን አቶ ወርቁ ሲያቀርቡላቸው አይቻለሁ። አቶ ወርቁ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረዋል፤ ዛሬ ዛሬ ሳስበው አውቀው ያዞሩ ይመስለኛል። የካርታውን መሥሪያ ቤት ስም ብጽፍ ማኅተሙ ያርፍበት ነበር። ብዕሩ ላይ ያለው ቀለም እስኪደርቅ ድረስ ቆየሁ። እንደገና ነክሬ የፋብሪካውን ስም ጻፍኩ። ቃሉ የእሳቸው ነው፣ የኔ እጁ ብቻ ነው። ይህን ያሰብኩት ያኔ ይሁን ወይስ ኋላ ራሴን ለማጽናናት ይሁን፣ ስንት ዝርዝር የማስታውስ ሰው ይህን መለየት አልችልም። ፈርቼም ሊሆን ይችላል። ደጃዝማቹ ማኅተሙን ሊያሳርፉ ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ቆዩ። «ወርቁ፣ ጽሕፈትህ በዚህ ክረምት አማረ» አሉ። አቶ ወርቁ እጅ ነሡ።

በሩ ላይ ኦቦ ገመዳ ሁለቱንም እጆቼን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ወጣህ! ደብዳቤ ይዘህ ወጣህ! ያ ጉርባ፣ ካርታ ላይ የኔን ጨፌ ስትጽፍ ስሙን እንዳትስት።» አልነገርኳቸውም። ነጠላውን ልመልስ ብል «ይዘኸው ሂድ፣ ለኔም ገዱ ይተርፋል» አሉ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ዛሬም በሱሉልታ ሳልፍ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ካየሁ ነጂውን ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ደብዳቤውን ያለማድረስ አይቻልም ነበር፤ ደጃዝማቹ ቢጠይቁስ? ሰኞ ጠዋት አደረስኩት። ካቦው ማኅተሙን ሲያይ ብድግ አለ፤ ደብዳቤው ሲነበብለት ግን አንድ ነገር ሊገባው እንዳልቻለ ሰው ሁለቴ አየኝ። «የጌታ ሰው ሆነህ፣ ጥጥ ለመፍታት?» አለኝ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፣ ግን ሣቁ አልመጣለትም። ይዞኝ ገባ። የኔ ቦታ ላይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ፣ ቁመቱ ከኔ አጠር የሚል ሰው ሽቦ ይቆርጣል። «አንተ ውጣ፣ ባለቦታው መጥቷል» አለው ካቦው። ሰውየው ለምን ብሎ አልጠየቀም። መንጠቆውን እኔ በሰቀልኩበት ሚስማር ላይ ሰቀለው፣ ሽፋሽፍቱን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ የምሳ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር አድርጎ በአጠገቤ አለፈ። ስሙን አልጠየቅኩም። የአውቶቡሱን ዋጋ፣ የድልድዩን እርምጃ፣ የሸክላዋን መርፌ ድምፅ አስታውሳለሁ፤ የሱን ስም አላውቅም።

ከዚያ ስድስት ዓመት ጥጥ ፈታሁ። አቶ ወርቁ ሌላ ጊዜ ያሉት ጊዜ ሳይመጣ መስከረም ጠባ፣ ቦታውም ሰው ገባበት። ከዚያ ዘመኑ ራሱ ተለወጠ፣ የደጃዝማቹም በር ተነቀለ፣ ምሰሶው ግን ቀረ። እናቴ ተሳስቻለሁ ብላ አታውቅም፤ እኔም አልወቀስኳትም። ሰኞ ሰኞ ብቻ፣ ከፋብሪካ ስገባ፣ ቃሪያዋን መልቀም ትታ ትንፋሼን ታዳምጥ ነበር።

ሚኒባሱ ጎማው ተቀይሮለት ስንሣፈር ለዳንኤል ይህን ሁሉ ልነግረው አስቤ ነበር። አልነገርኩትም። ብነግረው ምን ይማርበታል? ልቀቅ እንዳልለው እኔ ለቅቄ ምን አገኘሁ? ቆይ እንዳልለው፣ ከሕይወቴ ሁሉ በደንብ የተነፈስኩት በነዚያ አርባ ሦስት ጠዋቶች ነው። ትናንት ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ነገ ሰኞ ነው፣ ለአለቃዬ አንዱን መናገር አለብኝ። ምን አሰቡልኝ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ከቃሌ በፊት ሳሉ መጣ፤ የፍራሹ ብናኝ ከቅዳሜ ጀምሮ አልለቀቀኝም ነበር። ረጅም ሳል ነበር። ዳንኤል በትዕግሥት ጠበቀኝ። «እግዜር ይማርዎት» አለ። ከዚያ ሳሌን እንደ መልስ ቆጥሮት መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቃ ጋሼ፣ ገባኝ። ገባኝ» አለኝ።

ምን እንደ ገባው ሳልጠይቀው ስልኩ ተዘጋ።